ጥላ ያረፈበት ስጥ

ተረት ላወራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ የሚያንጎላጅም ግድግዳውን ተደግፎ ያንጎላጅ፣ አልቀየምም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ድንጋዩም አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንድ ተራራ ወገብ ላይ የቆየ ከተማ ነበር። ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው። ዙሪያውን ሽማግሌ የሆነ የድንጋይ ግንብ አቅፎታል፤ የከተማው ዳኛም እሱ ነው። መሀሉ ግን ሜዳ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሁሉም እህሉን እዚያ ሜዳ ላይ ያሰጣል። ፀሐይ ያልመታው እህል ጎተራ ከገባ ይሻግታል፤ ይህን ማን ያጣዋል?

ከሜዳው በስተምሥራቅ እመት ጉንዳን ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። የልጆቿን ብዛት እንኳን እኔ፣ እሷም አታውቀው።

ያ ከተማ አንድ ደንብ ነበረው። መሀል ከተማ ቤት መሥራት የፈለገ፣ አስቀድሞ የቤቱን ቁመት የሚያህል እንጨት ያቆማል። እንጨቱ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይውላል። ጥላው ስጡ ላይ ያረፈበት፣ "ጥላህን አንሳልኝ" ካለ ቤቱ ቀረ። ፀሐይ እስክትገባ ማንም ካልተናገረ ግን ጸደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማልቀስ ነው።

አንድ ቀን አያ ምስጥ ከነሠራዊቱ መጣ። "እዚህ ሜዳ ላይ ኩይሳ እሠራለሁ። ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ደመና የሚነካ" አለ።

መጀመሪያ አባ ዔሊ ዘንድ ሄደ።

"አባ ዔሊ፣ ላይኛው ፎቅ የእርስዎ ነው።"

"በየት በኩል እወጣለሁ ልጄ?"

"ተሸካሚ አዘጋጅልዎታለሁ።"

አባ ዔሊ ዕድሜ ልካቸውን ቤት ሲሸከሙ ኖረው፣ እሳቸውን የሚሸከም ሲያገኙ ልባቸው ቀለጠ።

ቀጥሎ አያ አውራ ዶሮ ዘንድ ሄደ። "ጫፉ ላይ ሆነህ ብትጮህ ሰባት አገር ይሰማሃል" አለው። አያ አውራ ዶሮ ያን ለታ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ዋለ።

በመጨረሻ እመት ጉንዳን ዘንድ ሄደ።

"ላንቺ ምድር ቤቱን ሰጥቼሻለሁ።"

"ፀሐይ ይገባዋል?"

"ምድር ቤት ደግሞ ምን ፀሐይ አለው?"

"እንግዲያ እህሌ ይሻግታል። እህሌ ከሻገተ ልጆቼ የከርሞን ክረምት አያልፉትም።"

"ሁሉም እሺ ብሏል፣ እመት ጉንዳን። አንቺ ብቻሽን ምን ልትሆኚ?" ብሏት ሄደ።

እንጨቱ የሚቆምበት ቀን ደረሰ። ሦስት ባሕር ዛፍ ጫፍና ጫፉ ታስሮ ቆመ። ምስጦቹ ሳይበሉት እንዴት እንዳቆሙት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አያ ምስጥ ብልጥ ነውና እንጨቱ ሥር ድግስ ደገሰ። ድፎው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ሁሉም በላ። እመት ጉንዳንም ተጠርታ በላች።

ጠዋት ጥላው በስተምዕራብ፣ የአባ ዔሊ ስጥ ላይ ተጋደመ። ግንቡ እንደ ደንቡ ጠየቀ፦ "ጥላው ያረፈበት ይናገር።"

አባ ዔሊ አዩ። አፋቸው ዳቦ ሞልቷል። "የሰው ዳቦ ጎርሼ እንዴት ብዬ? ምን ይሉኛል?" አሉ በሆዳቸው። አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

እኩለ ቀን ላይ ጥላው አጥሮ የአያ አውራ ዶሮን ስጥ ነካ። ግንቡ ጠየቀ፦ "ጥላው ያረፈበት ይናገር።"

"ትንሽ ናት፤ ለዚች ብዬ የሰው ድግስ አላበላሽም" አለ አያ አውራ ዶሮ ለራሱ፤ ጠላውን ደገመ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ረዘመ፣ ረዘመና የእመት ጉንዳንን ስጥ ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ልጆቿ በርዷቸው ከእህሉ ሥር ወጡ። ግንቡ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ፦ "ጥላው ያረፈበት ይናገር።"

እመት ጉንዳን ልጆቿን አየች። ፈራች፤ አፈረችም። ግን ተነሣች።

"አያ ምስጥ፣ ድግስህ ጣፋጭ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጥላህን ግን አንሳልኝ።"



"በልተሽ? በልተሽ እንዲህ ትይኛለሽ?" አለ አያ ምስጥ።

"በልቻለሁ፣ አመስግኛለሁም። የበላሁት ዳቦህን ነው፤ የልጆቼን ፀሐይ አልሸጥኩልህም።"

"ኧረ ነውር ነው" አሉ አባ ዔሊ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አያ ምስጥ ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ፣ "ለነገሩ ፀሐይ ገብታለች፤ ሰዓቱ አልፏል" አለ።

ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ላይ ሆና፣ "እዚህ ነኝ አያ ምስጥ፤ ገና አልገባሁም" አለች።

"እንግዲያ ተነግሯል፤ ቀርቷል" አለ ግንቡ።

አያ ምስጥ ሠራዊቱን ሰብስቦ ወጣ፤ ኩይሳውንም ከከተማው ርቆ ባዶ ሜዳ ላይ ሠራ። ጉንዳንና ምስጥ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

እመት ጉንዳንስ? ድግስ የሚጠራት ጠፋ። በማግስቱ ግን አባ ዔሊ በጠዋት መጥተው ስጣቸውን ዘረጉ፤ አያ አውራ ዶሮም ተከተላቸው። "ይህች ይሉኝታ ቢስ" እያሉ ሲያሟት፣ እሷ ባስቀረችላቸው ፀሐይ እህላቸውን አደረቁ። እሷም ሐሜታቸውን እየሰማች እህሏን ታገላብጥ ነበር።

ተረቴ አለቀ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ልክ ነው፤ እህልም አይገባም።