ለደረሰልኝ ልጄ

በአንድ ወቅት፣ የወሎ ደጋ ቁልቁል ወርዶ ከወይና ደጋው በሚገናኝበት፣ መኪና በበጋ ብቻ በሚዘልቀው አንድ መንደር፣ ፋጡማ የምትባል ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ሦስቱንም እኩል ትወዳለች። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ ኋላ ላይ ፍርድ የሚጠበቀው ከእሷ ነውና። የምትሰሙም እንደ እሷ ሁኑ፤ ቶሎ ለማንም አታዳሉ።

ባሏ ሙሄ ይባላል። አገሩ የሚያውቀው በትከሻው ነበር። ወላድ ስትጨነቅ፣ ሰው ከዛፍ ወድቆ ሲሰበር፣ ቃሬዛውን ከፊት ይዞ ቁልቁለቱን የሚወርደው እሱ ነው። ታዲያ አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ቂጣ ደረቱ ላይ ቆሞ አልወርድ አለው። በውሃ አወረደው። ትንሽ ቆይቶ ቅንጬም እንደዚያው ሆነ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በቢላዋ ሲበሳ ፋጡማ አየችውና ልቧ ፈራ።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ስንዱ ቤት ለቤት ስትዞር አገኘችው። ፊቱን አይታ ቁጭ አለች።

«አያ ሙሄ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የከሱት?»

«ጾም ነው ያከሳኝ።»

«ጾሙ ካለፈ ቆየ እኮ። እባክዎ ሆስፒታል ይሂዱ። ዛሬ ነገ አይበሉ።»

ሄደ። ሆስፒታሉ ከተማ ውስጥ ነው፤ የበኩር ልጁ ዘሀራ ነርስ ሆና የምትሠራውም እዚያው ነው። በአፉ ቀጭን ቱቦ አስገብተው አዩት፤ ከቁስሉ ቆንጥረው ለምርመራ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ፋጡማንና ዘሀራን ለብቻ ጠርቶ አስቀመጣቸው።

«ካንሰር ነው» አለ። «የምግብ መውረጃውን ይዞ ጉበቱ ጋ ደርሷል። ቀዶ ጥገና አያድነውም። እኛ የምንችለው ስቃዩን ማቅለል ነው። ለእሱም ልንነግረው ይገባል።»

ፋጡማ ተነስታ የሐኪሙን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ አትንገረው። ባሌን አውቀዋለሁ። የሰማ ዕለት ይሞታል።»

ሐኪሙ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «እሱ ራሱ ከጠየቀኝ አልዋሸውም» አለ።

ሙሄ ሐኪሙን አልጠየቀም። የጠየቀው ልጁን ነው።

ዘሀራ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጉሉኮሱን እያስተካከለች ነበር። ነጭ ጋውኗን ጫፉን ይዞ ጎተት አደረጋት።

«አንቺ አትዋሺኝም። ምንድን ነው ያገኘኝ?»

ዘሀራ የሃይማኖት ሰው ናት። አምስት ወቅት ሰላቷ አይጓደልም፤ በሐሰት መማል ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። ቀና ስትል እናቷ ከበሩ ቆማ በዓይኗ ስትለምናት አየች። ወደ አባቷም ተመለከተች። ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ነበር።

«የአንጀት ቁስለት ነው፣ አባዬ። ይድናል።»

«ማይልኝ።»

«ወላሂ ትድናለህ» አለች።

ሙሄ ትንፋሹን ለቀቀ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሳህን ሾርባ ጨረሰ። አገሩ ተመልሶም ያን ክረምት እንደ ሰው ኖረ። ጤፍ አዘራ፤ ራሱ መዝራት ባይችልም ከማሳው ዳር ተቀምጦ «እዚያ ጋ አሳሳችሁት!» እያለ ይቆጣል። ጎረቤት ሲጠይቀው «ቁስለት ነው፤ ልጄ ነግራኛለች» ይላል በኩራት። ፋጡማ ሳቁን በሰማች ቁጥር ዘሀራን በሆዷ ትመርቃታለች። ዘሀራ ግን ከዚያ በኋላ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነው። ሰላት ላይ ስትቆም ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁዷ ይረዝማል፤ ስትነሳ ዓይኗ ቀልቷል። ምን እንደምትለምን እናቷ አልጠየቀቻትም።

ሁለተኛው ልጅ ይማም ነው። ከአባቱ ጋር የሚያርሰው እሱ ነው። እውነቱን ከእህቱ ሰምቷል፤ ዝም እንዲልም ቃል አስገብተውታል።

ሙሄ አደም የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በድንበር ተጣልተው ሙሄ በዱላ መታው። የአደም ክንድ ተሰብሮ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ሽማግሌ ሄደ፣ ሙሄ እንቢ አለ። እንቢታው ከጊዜ ጋር ወደ እፍረት ተለወጠ፤ እፍረቱም እግር ከለከለው። ወንድማማቾቹ ገበያ ላይ ሲተያዩ አንዱ መንገድ ይቀይራል።

አንድ ቀን ሙሄ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ማዶውን ሲያይ ቆየና «ይማም፣ አደምን አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልለው ነው» አለ።

ይማም ደስ ብሎት «ነገውኑ በበቅሎ ላድርስህ?» አለው።

«የለም፣ አሁን አይደለም። አሁን እንዲህ ሆኜ ብሄድ ሞት ፈርቶ መጣ ይላል። ልዳንና ጤፉን ልሰብስብ። ያኔ በእግሬ ሄጄ፣ እንደ ሰው ቆሜ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

ጤፉ ገና ማሸቱ ነበር። ይማም የአባቱን ቁርጭምጭሚት አየ፤ አብጧል። ዓይኑን አየ፤ ቢጫ ሆኗል። ፋጡማ ከቤት ውስጥ የልጇ ዝምታ ሲረዝም ሰምታ ሮጣ ወጣች። አልደረሰችም።

«አባዬ፣ አትድንም» አለ ይማም። «ያለህ በሽታ መድኃኒት የለውም። ጤፉ ሲታጨድ አንተ የለህም። አጎቴን አፉ በለኝ የምትለው ከሆነ አሁን ነው።»

ሙሄ መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

ፋጡማ አቀርቅራ ቀረች። 

በማግስቱ በቅሎ ላይ ደግፈው አሻገሩት። አደም የበቅሎ ኮቴ ሰምቶ ወጣ፤ ከበቅሎው ላይ ያለውን የአጥንት ክምር መጀመሪያ አላወቀውም። ሲያውቀው ጮኸ። ሙሄ ወርዶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ያ የተሰበረ ክንድ አንገቱን አቅፎ ያዘው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ተላቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አደም ከወንድሙ አልጋ ሥር አልጠፋም።

ነገር ግን ሙሄ ከማዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ስለ ጤፉ ጠይቆ አያውቅም። ሾርባ ሲያቀርቡለት «ለምን ብዬ» ይላል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውላል። ዘሀራ ፈቃድ ወስዳ ስትመጣ እጇን ይዞ ለረጅም ጊዜ አያት፤ «ወላሂ ብለሽኝ ነበር» አላት።  ዘሀራ አፉ በለኝ ሳትለው ተነስታ ወጣች። ሥራ ጠርቷት ወደ ከተማ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ዘመድ አዝማዱም ይማምን «አባቱን ቀድሞ የቀበረ» እያለ ያማው ጀመር። ይማም ሲሰማ ሞፈሩን ተሸክሞ ያልፋል።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሕመም፣ ሕመም አልነበረም ማለት ይቻላል። ያ ቃሬዛ ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ጎበዝ አንሶላ ነክሶ ያቃስታል። ፋጡማ ጆሮዋን ይዛ ከቤት የምትወጣበት ጊዜ ነበር፤ ወጥታም ታፍራለች፤ አፍራም ትመለሳለች።

ሦስተኛዋ ልጅ ረውዳ ናት፤ የቤቱ የመጨረሻ። የዚያን ዓመት ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበር። ጓደኞቿ ሻንጣ ይዘው ሲሄዱ እሷ ቀረች። ወደ ሆስፒታሉ ሄዳ ሐኪሙን «አባቴ ሲጮህ የምሰጠው ነገር ስጠኝ» አለችው። ሐኪሙ ሞርፊን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ አዘዘላት፤ መርፌው በወለቀ የሲሪንጅ መምጠጫ እየለካች በአፉ ጠብ ማድረግን ራሱ አስተማራት። «ሰዓቱን ጠብቂ» አላት። «በመሃል ሕመሙ ከበረታ አንድ ጊዜ ጨምሪለት፤ ይህ የተፈቀደ ነው። ግን እወቂ፣ ሰውነቱ በደከመ ቁጥር እንቅልፉ ይከብዳል።»

ረውዳ ተማረች። ትለካለች፣ ትሰጣለች፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች። ስንዱም ከጤና ኬላዋ እየመጣች ታግዛታለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሙሄ ሲነቃ ከአደም ጋር የልጅነታቸውን ያወራል፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሳቀ። ሲተኛም ግንባሩ አይቋጠርም።

አንድ ማለዳ ሙሄ ፋጡማን ጠራት። ድምፁ ሄዶ ትንፋሽ ብቻ ቀርቷል። ትራሱ ሥር እጁን ሰዶ መቁጠሪያውን አወጣ። ጥቁር የእንጨት መቁጠሪያ ነው፤ አባቱ ሲሞት መርቆ የሰጠው። በዚያ ቤት መቁጠሪያውን የያዘ የአባቱን ምርቃት ይዟል፤ አባቱ በእሱ ላይ ቅሬታ እንደሌለው አገር ያውቃል።

መዳፏ ላይ አኖረውና ጣቶቿን ከደነላት።

«ለደረሰልኝ ልጄ ስጪልኝ» አለ።

«ለማን? ለየትኛቸው?»

ሊመልስላት ከንፈሩን ሲያላቅቅ ሳል ያዘው፤ ሳሉን ተከትሎ ሕመሙ ተነሳ። ፋጡማ ‹ቆይቼ እጠይቀዋለሁ› አለች በልቧ።

ከረፋዱ ላይ ዘሀራ ደወለች። «መኪና ላይ ነኝ፣ እማ። ነቅቶ ይጠብቀኝ። አፉ በለኝ ሳልለው እንዳይተኛብኝ» አለች። 

የዚያን ጊዜ ሙሄ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይንፈራፈራል። ረውዳ መምጠጫውን አነሳች። ፋጡማ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ። እህትሽ መንገድ ላይ ናት።»

«እማ፣ እዪው» አለች ረውዳ። «እዪው እስቲ።»

«ከተኛ ባይነቃስ?»

ረውዳ እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ እጇን ግን ከእናቷ አስለቀቀች። «ዘሀራ እንድትናገር ብዬ እሱን ላሰቃየው?» አለች። በመጠኑ ለክታ ሰጠችው። ሐኪሙ ካለው አንዲት ጠብታ አልጨመረችም።

ሙሄ ተዘረጋ። ጉልበቱ ተፈታ። እስትንፋሱ ረዘመ፣ ሰላማዊ ሆነ። ተኛ።

ዘሀራ ስትደርስ እየተነፈሰ ነበር። አልጋው ሥር ተንበርክካ አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ «አባዬ፣ አፉ በለኝ። በሐሰት የማልኩት ፊትህን አይቼ ነው። አባዬ፣ አንዴ ብቻ እጄን ጨበጥ አድርገኝ» አለች። እጁ እጇ ውስጥ ሞቃት ነበር። አልጨበጣትም። የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ሳይደርስ አደም የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውን፣ በጆሮው እያነበነበለት አረፈ።

ሐኪሙ ቆይቶ ሲጠየቅ «በሽታው ነው የወሰደው፤ መድኃኒቱ አይደለም» አለ። ረውዳ ይህን ሰማች። መስማት ግን አንድ ነገር ነው፤ ማመን ሌላ።

አርባው ወጥቶ ሰደቃው ከተበላ በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን ፋጡማ ልጆቿን ሰብስባ የአባታቸውን ቃል ነገረቻቸው። ሦስቱም መቁጠሪያውን አዩ። ከእነሱ አንዱም ዕቃ የቸገረው አልነበረም። የቸገራቸው ሌላ ነው።

«ያን ክረምት የሳቀው በእኔ ነው» አለች ዘሀራ። «ለሳቁ ነፍሴን ነው ያስያዝኩት። ይህን ካልያዝኩ አፉ ብሎኝ እንደሄደ በምን አውቃለሁ?»

«ከወንድሙ ጋር ታርቆ የሞተው በእኔ ነው» አለ ይማም። «እኔም እንደ እናንተ አንደበቴን ይዤ ብቀር ኖሮ በደሉን ተሸክሞ ይቀበር ነበር። አገሩ አባቱን የገደለ ይለኛል። አባቴም እንደዚያ ይለኝ ከነበረ ልወቀው።»

 ረውዳ መዳፏን ገልብጣ ታያለች። «ሲጮህ አልጋው አጠገብ እናንተ አልነበራችሁም» አለች። «ያቺን የመጨረሻዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህቺ እጅ የደረሰችለት ናት ወይስ ሞቱን ያፋጠነችበት? እማ፣ አንቺ ንገሪኝ።»

ፋጡማ ክሩን በጥሳ ለሦስት ልታካፍላቸው አሰበች። ግን ሙሄ «ለልጆቼ» አላላትም፤ «ለልጄ» ነው ያላት። በዚያ ላይ ለአንዱ ስትሰጥ ለሁለቱ «አባታችሁ ተቀይሟችሁ ነው የሄደው» ማለቷ እንደሆነ ታውቃለች። ለማንም ሳትሰጥ ብትቀርስ የሟች ቃል ትበላለች። ልጆቿ ፊቷን ያያሉ፤ እሷ የጨበጠችውን እጇን ታያለች።

እስካሁን አልዘረጋችውም ይባላል።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ፋጡማን እርዷት። አንዷ ተስፋ ሰጠችው፣ አንዱ እውነት፣ አንዷ እረፍት። ሦስቱም ከሰጡት ነገር ጋር አንድ ነገር ወስደውበታል። ለሙሄ የደረሰለት ልጅ የትኛው ነው?