የእትዬ አጀቡሽ ሽንኩርትና የቆቅ አምባ አቋራጭ

ተረቴ ከዘራዋን ይዛ ቆቅ አምባ ተራራ ልትወጣ ነው፤ ተከተሏት፣ ብቻ መንገድ እንዳታቋርጡባት።

ከተራራው ግርጌ እትዬ አጀቡሽ የሚባሉ ቁጡ ሴት ነበሩ። ከእናታቸው የወረሱት የነጭ ሽንኩርት ዘር ነበራቸው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ሽታው ግን ሦስት ቤት አልፎ የሚጣራ። ያ ዘር በአገሩ ሁሉ የቀረው በእሳቸው አንድ መደብ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ክረምት ሲገባ ከተራራው የወረደ ጎርፍ የመደቡን ግማሽ ጠራርጎ ወሰደው። እትዬ አጀቡሽ አለቀሱ። አልቅሰው ሲጨርሱ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሡ።

«አንተ ጎርፍ፣ ሽንኩርቴን ማርልኝ!»

«እኔ ምን ላድርግ? ቦረቦሩ አልይዝ አለኝ» አለ ጎርፍ።

ዳገቱን ሰንጥቆ ወደተጋደመው ቦረቦር ወጡ። «ቦረቦር፣ ጎርፍ ያዝ! ጎርፍ ሽንኩርቴን አልምር አለ!»

«በምኔ ልያዝ? ባዶ አፈር ነኝ። ሣሩ አልደፍን አለኝ።»

ከሣሩ የቀሩት ሁለት ዘለላዎች ነበሩ፤ እነሱም ተኝተዋል። «ሣር፣ ቦረቦር ድፈን! ቦረቦር ጎርፍ አልይዝ አለ፣ ጎርፍ ሽንኩርቴን አልምር አለ!»

«ቀና ባልኩ ቁጥር ይረግጡኛል፤ ቅዳሜ መቶ፣ እሁድ ሁለት መቶ! ጫማ ከላዬ አልነሣ አለ።»

ጫማው የከተማ ነው፤ ከካርቶኑ ገና ዛሬ መውጣቱ ነው። «ጫማ፣ ከሣር ላይ ተነሣ! ሣር ቦረቦር አልደፍን አለ፣ ቦረቦር ጎርፍ አልይዝ አለ፣ ጎርፍ ሽንኩርቴን አልምር አለ!»

«እኔ ተከታይ ነኝ እትዬ። አስጎብኚው ደባልቄ በአቋራጭ መራኝ፣ አልመልስህም አለኝ።»

ደባልቄ አርባ እንግዳ አስከትሎ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያለከልካል። «ደባልቄ፣ የተዋበች ልጅ! ጫማ መልስ! ጫማ ከሣር ላይ አልነሣ አለ፣ ሣር ቦረቦር አልደፍን አለ፣ ቦረቦር ጎርፍ አልይዝ አለ፣ ጎርፍ ሽንኩርቴን አልምር አለ!»

«እኔስ ወድጄ ነው እትዬ? ጉልበቴ አለቀ እኮ! አሮጌው መንገድ አላሳልፍ ብሎኝ ነው።»

ወደ አሮጌው መንገድ ወረዱ፤ ደባልቄም፣ አርባው እንግዳም ከኋላ ከኋላቸው። «መንገድ፣ ደባልቄን አሳልፍ! ደባልቄ ጫማ አልመልስ አለ፣ ጫማ ከሣር ላይ አልነሣ አለ፣ ሣር ቦረቦር አልደፍን አለ፣ ቦረቦር ጎርፍ አልይዝ አለ፣ ጎርፍ ሽንኩርቴን አልምር አለ!»

«ሰው ከናፈቀኝ ዓመቴ! እሾህ አፌ ላይ ተከምሮ አልለቅ አለኝ።»

እትዬ አጀቡሽ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ቁጣው ግን አላጠራቸውም። «እሾህ፣ መንገድ ልቀቅ! መንገድ ደባልቄን አላሳልፍ አለ፣ ደባልቄ ጫማ አልመልስ አለ፣ ጫማ ከሣር ላይ አልነሣ አለ፣ ሣር ቦረቦር አልደፍን አለ፣ ቦረቦር ጎርፍ አልይዝ አለ፣ ጎርፍ ሽንኩርቴን አልምር አለ!»

«እኔ በእግሬ መጣሁ እንዴ? ቆርጠው የጎተቱኝ ሰው ካላነሡኝ አልነሣም።»

«ማነው እሱ ጅል?»

«ሴት ናቸው፤ ቁጡ። አምና አንድ እንግዳ አንዲት ሽንኩርት ቢረግጥባቸው ‹ሁለተኛ በደጄ የሚያልፍ የለም!› ብለው መንገዱን አጠሩት።»

ደባልቄ ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን እንደገና ማሰር ጀመረ። እትዬ አጀቡሽ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«እሺ፣ እኔ ነኝ! አንዲቷን ላድን ብዬ ግማሹን አስበላሁ። ደባልቄ፣ ምን ታጎነብሳለህ? በዚያ ጫፍ ያዝ!»

እሾሁን ጎትተው አቋራጩ አፍ ላይ ከመሩት። አርባው እንግዳም አንዳንድ ድንጋይ ተሸክሞ ቦረቦሩ ውስጥ ደረደረ። ከዚያማ እሾህ መንገድ ለቀቀ፣ መንገድ ደባልቄን አሳለፈ፣ ደባልቄ ጫማ መለሰ፣ ጫማ ከሣር ላይ ተነሣ፣ ሣር ቦረቦር ደፈነ፣ ቦረቦር ጎርፍ ያዘ፣ ጎርፍም ሽንኩርቱን ማረ።

በዓመቱ፣ ሽንኩርቱ ደርሶ ሊነቀል ሲል፣ አንድ እንግዳ በእትዬ አጀቡሽ ደጅ ሲያልፍ አዳለጠውና አንዲት ሽንኩርት ረገጠ። እትዬ አጀቡሽ አቋራጩ አፍ ላይ ወደተከመረው እሾህ አዩ፤ ወደ ሽንኩርቷ አዩ። ነቀሏት፣ አፈሯን አራገፉና ለእንግዳው ሰጡት።

«ውሰድ፣ ደጅህ ትከላት» አሉት። «እኔ ዘንድ ብቻ አትቅር።»

ተረቴን መልሱ፤ ስትመለሱ ግን በመንገዱ።