የባለመጋዙ መንገድ

አንድ ሰው ነበረ፤ መጋዝ ነበረው፤ ከመጋዙ በቀር ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ማንደፍሮ፣ «እኔ የምገባው ለማስታረቅ ነው፤ ታዲያ የገባሁበት ቤት ሁሉ ለምን ይብስበታል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ነገ ደግሞ ወደ ሦስተኛ ቤት ተጠርተሃል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለሃል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ይህን ሰውዬ እወቀው።

አገሩ ቆላ ነው። ዝናብ በዓመት አንዴ እንደ ተቻኮለ እንግዳ ብቅ ብላ፣ ቁጭ እንኳ ሳትል የምትሄድበት አገር። ሰዉ የሚኖረው ከወንዙ በተጠለፈ በአንድ ቦይ ነው። ቦዩን ተከትሎ ግራና ቀኝ ብርቱካን ተተክሏል። ከላይ፣ ቦዩ ከወንዙ በሚነሳበት አፍ ላይ፣ የአንድ ሀብታም ሰፊ እርሻ አለ። ከዚያ ወደ ታች ጓሮው እያነሰ እያነሰ ይሄድና ጫፉ ላይ አሥራ አንድ ዛፍ ባላት በአንዲት አሮጊት ጓሮ ያልቃል። ውሃው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያካፍለው የውሃ አባት የሚሉት ሽማግሌ ነው።

ባለመጋዙ ለዚህ ቦይ ሰው ሁሉ ሐኪም ነበር። ዛፍ ዘንድ ሲደርስ ቶሎ አይነካም። ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ልብስ ሰፊ በዓይኑ ይለካዋል። ከዚያ የደረቀውን ይጥላል፣ መሐሉን ለነፋስ ይከፍታል፣ ከግንዱ ስር በከንቱ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ ያነሳል፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው የተገለጠውን ግንድ ኖራ ይቀባል። እሱ የነካው ዛፍ በዓመቱ ፍሬውን መሸከም ያቅተው ነበር። ይኼን ልክድበት አልችልም፤ እጁ እጅ ነበር።

መጋዙን ግን አያጥብም። ሥራውን ያስተማረው ሰው «ውሃ የነካው መጋዝ ይዝጋል» ብሎት ነበርና ዘይት በነካ ጨርቅ ጠረግ ያደርገዋል፣ በቃ። የዛፉ ሙጫ ጥርሱ ላይ ደርቆ ጠቁሮ ነበር። ያ ጥቁረት እንዲያውም ኩራቱ ነው፤ ሥራ ፈት አለመሆኑን የሚመሰክርለት።

ሌላም ልማድ ነበረው። በሽተኛ ያስቀድማል። ጠዋት፣ ክንዱ ሳይዝል፣ የታመመ ዛፍ ወዳለበት ይሄዳል፤ ጤነኛውን ለከሰዓት ያቆየዋል። «የሚያቃስት እያለ የሚያዛጋ ጋ አልሄድም» ይላል። ሰዉ በዚህ አባባሉ ይወደው ነበር። እኔም ብሆን እወደው ነበር።

አንዲት ታላቅ እህት አለችው። ባሏ ሞቶባታል። ሰባት ዛፍ አላት፤ የምትበላውም የምትለብሰውም ከነሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ብርቱካኗን በቅርጫት ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ባለመጋዙ እሷ ዘንድ የሚሠራው በነጻ ነው፤ ተራም አያስጠብቃትም። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጎራ ይልና አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ትንሽ ተሳስቀው ይሄዳል።

«እኔን ልታይ ነው የምትመጣው ወይስ ዛፎቼን?» ትለዋለች።

«ዛፎቹን ነው እትዬ። እነሱ ነገር አይፈልጉኝም።»

«እንግዲያው ውሃውንም እነሱ ያጠጡህ» ብላ ጣሳውን ከእጁ ትቀማዋለች። ከዚያ መልሳ ሞልታ ትሰጠዋለች።

አንድ በጋ በሀብታሙ እርሻ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ደረቀ። ባለመጋዙ ተጠራ። ቅርፊቱ ፀሐይ እንዳቃጠለው ትከሻ ይላጣል። በጣቱ ሲያነሳው ከስሩ ጥቀርሻ ወጣ፤ ድስት ቂጥ ላይ ያለውን የመሰለ፣ እጅ የሚያጠቁር ዱቄት። እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። ቆረጠው። ከጎኑ ያለውንም ቆረጠ። ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ መጋዙን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከሰዓት እንደ ልማዱ ወደ ጤነኞቹ ወረደ። መጀመሪያ የገባው እህቱ ዘንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቀርሻው ቦዩን ይዞ ወረደ። ዛሬ እዚህ አንድ ቅርንጫፍ፣ በወሩ እዚያ አንድ ሙሉ ዛፍ። አንዱ ነፋስ ነው አለ፤ ሌላው ዓይን ነው አለ። ብዙው ሰው ግን ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «ሀብታሙ መድኃኒት የሚረጭበትን ዕቃ ቦዩ ውስጥ ያጥባል፤ እሱ ያጥባል፣ እኛ እንጠጣለን» ተባለ። ወሬው ከዛፉ በፊት ሰዉን አደረቀ፤ ሰላምታ ቀረ፣ ለቅሶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን መቀመጥ ቀረ።

በሽታው ሲበዛ የባለመጋዙ ስም ገነነ። በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራ የነበረው አሁን እሑድንም አያርፍም። የጠራው ሁሉ ይመርቀዋል። እሱም አላጭበረበረም፤ ክንዱ እስኪዝል፣ መዳፉ እስኪላጥ ይሠራ ነበር። ሲሞትባቸውም አብሯቸው ያዝናል።

በዚያ ሰሞን ነው ቦዩ ጫፍ ላይ ወዳለችው አሮጊት የሄደው። አሮጊቷ የመንደሩ አዋላጅ ነበረች። ከቦዩ ሰው ግማሹን በእጇ ተቀብላለች፣ እሱንም ጭምር። በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችው።

«የፈላ ውሃ አለልህ፤ ጥርሱን ንከረውና ግባ።»

«እማማ፣ ውሃ የነካው መጋዝ ይዝጋል።»

«ይዛግ። ዝገት ይጠረጋል።»

«እዚህ ቦይ ላይ ያልገባሁበት ጓሮ የለም። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።»

«ለዚያ ነው የምልህ» አለችው። «እኔ ምላጬን ሳልቀቅል እትብት አልቆርጥም። ድሮ ሳልቀቅል እቆርጥ ነበር። ስንት እንደቀበርን አንተ አታውቅም።»

«ታዲያ እኔ ቆሻሻ ነኝ?»

«አንተን ማን ምን አለህ፣ ልጄ። የት ውለህ እንደመጣህ ነው ያልኩህ።»

ሰውየው ተቆጣ። በቦዩ ሁሉ እየተመረቀ ውሎ አንድ በር ላይ እንደ ለማኝ መቆሙ ከነከነው። «እንግዲያው ዛፍዎን ራስዎ ይቁረጡ» ብሏት ተመለሰ።

ቆረጠችም። በሽንኩርት ቢላዋ፣ እጇ በደረሰበት ልክ፤ ቢላዋዋን እየቀቀለች። ዛፎቿ የአበደ ሰው ፀጉር መሰሉ። መንገደኛ ይስቅባት ጀመር፤ «እማማ ዘንድሮ ብርቱካን እያዋለዱ ነው» ተባለ። ባለመጋዙም አብሮ ሳቀ፤ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ።

ሁለት ዓመት አለፈ። የእህቱ ዛፎች አንድ በአንድ ሄዱ። ስድስተኛዋ በሞተች ማግስት ላከችበት።

«ግንዶቹን ጣልልኝ፤ ከሰል ላውጣባቸው» አለችው። አልወቀሰችውም። ምን ብላ ትወቅሰዋለች፣ ከሱ በላይ ማን ለፍቶላት።

መቁረጥ ጀመረ። እየቆረጠ ሳለ ጥጉ ላይ ያለችውን ሰባተኛዋን ቀና ብሎ አያት። ለምለም ናት። ቅጠሏ አንድ አልጎደለም። ካደገች ጀምሮ ንብ ሰፍሮባት ስለነበር ቀርቧት አያውቅም፤ መጋዝ የማያስፈራው ሰውዬ ንብ ይፈራል። ያልነካት እሷን ብቻ ነው።

መጋዙ ግንዱ መሐል ላይ ቆመ። ስቦ አወጣውና ጥርሱን አየው። ጥቁር ነው፤ ሙጫ ይሁን ጥቀርሻ አይለይም። በአውራ ጣቱ ፈተገው። ጣቱ ጠቆረ።

ከግንዱ ስር ቁጭ አለና በልቡ ወደ ኋላ ሄደ። ጠዋት የት ነበርኩ፣ ከሰዓት የት ገባሁ። ከሀብታሙ ወደ እህቴ። ከእህቴ ወደ ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ገበሬ። ከቦዩ ማዶ ሌላ ውሃ የሚጠጣ አንድ ጓሮ አለ፤ ይህ ውሃ እዚያ አይደርስም፤ እሱ ግን ከነመጋዙ ደርሷል፣ እዚያም ዛፉ ሞቷል። ውሃው ደርሶ ከዚያ በጋ ወዲህ እሱ ያልደረሰበት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የዚያች አሮጊት ጓሮ። እየተሳቀበት ቆሟል።

በሽታው የሄደው በውሃው መንገድ አልነበረም። በእሱ መንገድ ነበር። አብዝቶ የተመላለሰበት ጓሮ ቀድሞ ሞተ። አብዝቶ የተመላለሰው ደግሞ አብዝቶ ወደሚወዳት ነበር።

በዚያው ሳምንት የቦዩ ሰዎች ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰቡ። የታችኞቹ ተማምለው ነው የመጡት፤ የሀብታሙን ውሃ መግቢያ በድንጋይ ሊደፍኑ። በዚያ ፀሐይ ውሃ የተከለከለ እርሻ አንድ ወር አይቆይም። ሀብታሙም ይኼን ያውቃልና ሠራተኞቹን ዱላ አስይዟል። የውሃ አባቱ መሐል ቆሞ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን ባለመጋዙን አዩት። «አንተ ፍረድ፤ ዛፉን የምታውቀው አንተ ነህ» አሉት።

ይኼን ልብ በልልኝ፣ ማንደፍሮ። ዝም ማለት ይችል ነበር። «ውሃው ነው» ቢል ያምኑታል፣ «ውሃው አይደለም» ብሎ ቢያልፍም ያምኑታል። ማንም አልጠረጠረውም።

መጋዙን ከትከሻው አውርዶ መሐላቸው መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ውሃው አይደለም» አለ። «ይኼ ነው። ያዳረስኩት እኔ ነኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። «ኧረ ጥላ ስር አስገቡት፣ ፀሐይ መቶታል» አለ አንዱ። ሰውየው ግን የገባበትን ጓሮ ሁሉ በቅደም ተከተል ይጠራ ጀመር፤ ጠዋት የማን፣ ከሰዓት የማን። አንድ ስም በጠራ ቁጥር አንድ ሰው ሳቁን ያቆማል። ሲጨርስ ድንጋይ የያዘው ድንጋዩን ለቀቀ፤ ዱላ የያዘው ዱላውን ዝቅ አደረገ። የመታው የለም፣ የሰደበውም የለም። ፊቱን ሳያዩ ባጠገቡ እያለፉ ሄዱ። ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወደ እህቱ ሄደ። የከሰሉን ክምር አፈር እያለበሰች ነበር፤ ወሬው ቀድሞታል። ቆመ። እሷም አፈሯን መመለሷን አላቆመችም። ጀርባዋን እንደሰጠችው፦

«ቶሎ ቶሎ መምጣትህን እኮ እወድ ነበር» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ብርቱካን ትሸጥበት በነበረው ቦታ፣ ከሰል ይዛ ትቀመጥ ጀመር።

ባለመጋዙ ከዚያ በኋላ መጋዙን ከዛፍ ወደ ዛፍ በተሻገረ ቁጥር በፈላ ውሃ ይነክር ነበር። ጤነኛውን ጠዋት፣ በሽተኛውን ወደ ማታ፤ የቆረጠውን ቅርንጫፍ እዚያው ያቃጥላል። መጋዙም አልዛገም፤ ወዲያው ከጠረጉት አይዝግም ነበር ለካ። አሮጊቷም አስገባችው፤ የሽንኩርት ቢላዋዋ ያበላሸውንም አስተካከለላት። ነገር ግን ቦዩ ላይ የቀረው ዛፍ ጥቂት ነበር፤ አዲስ የተተከለው ፍሬ እስኪይዝ ደግሞ ሰውየው አርጅቷል። የሞተ ብርቱካን መጋዝ ስለታጠበ አይነሳም።

እንግዲህ፣ ማንደፍሮ። አንተም እጅህ እጅ ነው፤ ይኼን አልክድህም። ሰው የሚጠራህ ስለምታውቅበት ነው። ጠዋት ቂም ጠቁሮ የተኛበት ቤት ትገባለህ። ታላቅ ወንድምየው ስለ ታናሹ፣ ስለ ታናሹ ሚስትና ልጆች የልቡን ያፈስልሃል። ታዳምጣለህ፤ መልካም ነው። ከሰዓት ደግሞ ታናሹ ቤት ትገባለህ፤ እሱ ገና መታረቅ የሚፈልግ፣ ሆዱ ያልጠቆረ ሰው ነው። ልታስታርቀው ትቀመጥና «እሱ እኮ የተቀየመህ እንዲህ እንዲህ ስላደረግህ ነው» ትለዋለህ። ሚስትህን ደግሞ እንዲህ ብሏታል ትላለህ። አልዋሸህም። ክፋትም የለብህ። ባለመጋዙስ ምን ክፋት ነበረበት? ግን ታላቅየው በምሬቱ ያላት ቃል ያንተ ምላስ ላይ ደርቃ ወደ ታናሹ ቤት ገባች። ከሁለቱ ቤቶች ቀድሞ የፈረሰው የቱ ነው? አንተ አትንገረኝ፤ እኔ ልንገርህ። አብዝተህ የምትወደው፣ አብዝተህ የምትመላለስበት ነው።

ነገ ልሂድ ወይ ላልከኝ፣ ሂድ። ያልተቆረጠ ዛፍም በደረቁ ይሞታል። ግን በር ላይ ቁም። ከሌላ ቤት የሰማኸውን እዚያው በር ላይ ጣለው፤ ይዘህ የምትገባው ጆሮህን ብቻ ይሁን። ክብሬ ተነካ እንዳትል። «የት ውለህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ካገኘህም ወዳጅህ እሱ ነው።

ይኼ ግን ለሦስተኛው ቤት ነው። ለሁለቱ ቤቶች መታጠብህ አይበቃም። እነዚያ ወንድማማቾች ዛሬም አንዱ ሌላውን መርዝ ረጨብኝ እያለ ነው የሚያድረው። መጀመሪያ እዚያ ሂድና መሐላቸው ቆመህ፣ የቱን ቃል ከየት አንስተህ የት እንዳደረስከው በቅደም ተከተል ንገራቸው። ይቅር ይሉህ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ፊትህን ሳያዩ ያልፉህ ይሆናል፤ ያማል፣ አልዋሽህም። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ በሌላው ላይ ድንጋይ አያነሳም።