ኤሊ አጋፋሪና ሦስቱ ግብሮች

ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ እስቲ ቀረብ በሉ። ይህ ተረት የእናንተ ነው።

በድሮ ዘመን፣ አንበሳ ነግሦ ሳለ፣ ኤሊ አጋፋሪ ነበር። ግብር ሲበላ እንግዶችን በየደረጃቸው የሚያስቀምጥ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ግብር አንበሳ፣ «ዛሬ በቁመት አስቀምጥ!» አለው።

ኤሊ ከመሬት ሆኖ የእንግዶቹ ቁመት አይታየውም። «እሜቴ ቀጭኔ፣ አጠገቤ ይቁሙልኝ። ሁለት ሁለቱን አቀርባለሁ፤ እርስዎ የሚረዝመውን ብቻ ይንገሩኝ» አለ። ሁለት አቀረበ፣ ጠየቀ፣ አቀያየረ። ሁለት አቀረበ፣ ጠየቀ፣ አቀያየረ። አዳራሹ ተስተካከለ።

ዝንጀሮ ሳቀ። «የፈረደችው ቀጭኔ! ይሄ ድንጋይ ለባሽ ታዲያ ምን ሠራ?»

የዝንጀሮ አክስት የንጉሡን ጎፈር የምታበጥር ነበረች። ስለዚህ የአጋፋሪነቱ ዘንግ ለዝንጀሮ ተሰጠ፤ ኤሊ ከበር ውጭ ተጣለ። አንድም የተናገረለት የለም። አንድም!

ዝንጀሮ የዚያን ቀን አሰላለፍ በቃሉ ሸመደደ። ሁለተኛው ግብር ደረሰ።

«ዛሬ በዕድሜ!» አለ አንበሳ።

ዝንጀሮ የሸመደደውን ደገመ። ቀጭኔ ከፊት፣ ሽማግሌው አሞራ ከኋላ።

«ጡት ካልጣለ ውርንጭላ በታች?» ብሎ አሞራ ጮኸ። ግብሩ ታወከ። ኤሊ ተጠራ።

«የሁሉን ዕድሜ ታውቃለህ?» አለው አንበሳ።

«አላውቅም፣ ጃንሆይ።»

«ይኸው!» አለ ዝንጀሮ።

«የሚያውቀውን ግን አውቃለሁ። አባ አሞራ፣ አጠገቤ ይቁሙልኝ፤ ታላቁን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሁለት አቀረበ፣ ጠየቀ፣ አቀያየረ። ሥራው ያው የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው ዳኛው ብቻ።

ዘንጉ ለኤሊ ተመለሰ። በሦስተኛው ግብር አንበሳ ሊፈትነው፣ «ዛሬ በሩጫ!» አለ።

«ዳኛው አንተ ነህ?» ብሎ ዝንጀሮ አሽሟጠጠ።

«ሚዳቋ ትምጣልኝ» አለ ኤሊ።

ሁሉም ተቀመጠ። አንድ ቦታ ቀረ፤ የመጨረሻው፣ ከበሩ ሥር። አንበሳ አፈረ። «በድዬሃለሁ፤ ና ከአጠገቤ ተቀመጥ» አለው።

«በሩጫ ብለዋል፣ ጃንሆይ። ሚዳቋም ፈርዳለች።»

ኤሊ በራሱ እርምጃ ወደ ቦታው ሄደ። እስኪደርስ ድረስ አንድም እንግዳ እጁን ወደ ማዕዱ አልሰደደም። አንገቱን ቀና አድርጎ ሲቀመጥ አንበሳ ከዙፋኑ ተነሥቶ ቆመለት።

ልጆቼ፣ አደራደሩን አንድ ጊዜ በደንብ ጻፉ፤ ፍርዱን ለሚያውቀው ወክሉ። የሸመደደ ለትናንት፣ የወከለ ለነገ ይበቃል።

ተረቴ ይኸው፤ ዳቦውን ለኤሊ አድርሱልኝ።