በየት በኩል ያመልጥህ ነበር

«አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ሰው ነበረ፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።»

ባለቤቴ መምህር አንዳርጌ እንዲህ ብሎ ሲጀምር የእህቱ ልጅ ስመኘው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። ስመኘው የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ የቆየ ልጅ ነው። በዚያ ሰሞን ቆላው ውስጥ ሰፊ መሬት በሽቦ አጥረው፣ ጎሽና አጋዘን አርብተው፣ አደን ለሚወዱ ሀብታሞች ሊያስገድሉ ያሰቡ ሰዎች ሥራ ሰጡት። የእንስሳቱ ኃላፊ ሊሆን ነው። የቀረው ዋስ ብቻ ስለነበር የዋስትናውን ቅጽ ይዞ ወደ አጎቱ መጣ። አጎቱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ ሲያደርገው ስመኘው ጠየቀው።

«አጎቴ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዱር ውስጥ ቢገደልም ሞት ነው፤ አጥር ውስጥ ቢገደልም ሞት ነው። እንዲያውም እኛ ጋ ጠግቦ ኖሮ ነው የሚሞተው።»

ባለቤቴ ለጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት ያስተማረው እንዲህ እያለ ነው። ምሳሌውን እሱ በተናገረበት ቃል ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ የሳትኩት ካለ የእኔ ጥፋት ነው።

ሀብታሙ ሰው ከብቱ ብዙ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ቤቱ ሰፊ ነበር። የጎደለው የገዳይነት ስም ነው። በዚያ አገር ጎሽ የገደለ ሰው በድግስ ላይ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ጠጁ ቀድሞ ለእሱ ይቀዳል፤ ሲፎክር ሌላው ሰው ጸጥ ብሎ ይሰማል። ሀብታሙ ግን በገዛ ድግሱ፣ የገዛ ጠጁን እያስቀዳ፣ በሬ እንኳ የሌላቸው አዳኞች ከእሱ በላይ ተቀምጠው ሲፎክሩ ያዳምጥ ነበር። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ልማድ ነበረ። ገዳይ ከዱር ሲመለስ ወዲያው አይፎክርም። በመጀመሪያ የጎሹን ጭራ ይዞ በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በወጣትነታቸው የገደሉ ናቸው። ስለ ጠመንጃው አይጠይቁትም፤ ስለ ጎሹ ትልቅነትም አይጠይቁትም። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው።

«በየት በኩል ያመልጥህ ነበር?» ይሉታል።

ገዳዩም በእጁ እያመለከተ ይናገራል። በስተግራዬ ሸምበቆ ነበር፣ እዚያ ቢገባ አላገኘውም ነበር ይላል። ከኋላው ወንዝ ነበር፤ ነፋሱ ቢዞርብኝ ኖሮ ያሸተኝ ነበር ይላል። አብሮት የነበረ ሰው «እውነቱን ነው» ብሎ ሲመሰክርለት እናቱ ወይም ሚስቱ ራሱን ቅቤ ትቀባዋለች። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ ይፎክራል።

ሀብታሙ ይህን ልማድ ያውቀዋል። ዱር መሄድ ግን አልፈለገም። ዱር ውስጥ ወባ አለ፣ ጥም አለ፤ ሦስት ወር ተንከራትቶ ባዶ እጅ መመለስ አለ። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ እናቱ የተገደለችበትን አንድ የጎሽ ጥጃ ከአዳኞች ገዛ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ግጦሽ ዙሪያውን በወፍራም አጣና አሳጠረና አንድ በር አስበጀለት። ጥጃውንም መሬቱን ለሚያርስለት ገበሬ ሰጠው።

«አሳድግልኝ» አለው። «አድጎ የደረሰ ዕለት ይህች የምታርሳት መሬት ያንተ ትሆናለች። ከአንተም በኋላ የልጆችህ ናት።»

ገበሬው ደስ አለው። አባቱም እሱም የሰው መሬት ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ጥጃውን የላም ወተት እየጋተ፣ ብርድ ሲሆን ቤቱ እያሳደረ አሳደገው። ሣር መጋጥ ሲጀምር ወደ አጥሩ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የበሩን መወርወሪያ ስቦ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ያፏጫል፤ ጎሹም ካለበት መጥቶ ጨው ከመዳፉ ይልሳል። አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ። የጎሹ ደረት ሰፋ፣ ቀንዱ ግንባሩ ላይ ገጠመ፤ ላየው ሰው ሁሉ የሚያስፈራ ሆነ። ሀብታሙ በዓመት አንድ ቀን እየመጣ በአጥሩ ቀዳዳ ያየውና «ገና ነው» ብሎ ይመለሳል። የገበሬው መዳፍ በጎሹ ምላስ ይላጥ ነበር። ሚስቱም «ከእኔ እጅ ይልቅ የዚያን አውሬ ምላስ ለመድክ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ስመኘው እዚህ ላይ አቋረጠው።

«በሬም እኮ እንዲሁ አሳድገን እናርዳለን፣ አጎቴ።»

«እናርዳለን» አለ ባለቤቴ። «ባለፈው ፋሲካም ቅርጫ ገብተን አርደናል፤ አንተም ጥሩ አድርገህ በልተሃል። በሬ አርዶ የፎከረ ሰው ግን አይተህ ታውቃለህ?»

ስመኘው ሳቀ። «እሱንስ አላየሁም።»

«እንግዲያው ስማኝ።»

ቀኑ ሲደርስ ሀብታሙ ጠመንጃውን ይዞ፣ ሁለት ዘመዶቹንና አንድ አዝማሪ አስከትሎ መጣ። ገበሬው በሩን ከፈተላቸውና ገቡ። ጎሹ ግን የማያውቀው ጠረን ሲደርሰው ከግጦሹ ጫፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ሀብታሙ እስከ እኩለ ቀን ፈለገው። አንድ ጊዜ ጥላ አይቶ ተኮሰ፤ ሄደው ቢያዩት ጉቶ ነው። አዝማሪው ሳቁን ለመደበቅ አቀርቅሮ ማሲንቆውን መቃኘት ጀመረ። ሀብታሙ ላብ በላብ ሆኖ ገበሬውን ወደ እሱ ጠራው።

«ጥራልኝ» አለው።

«ጌታዬ፣ እንዴት አድርጌ?»

«ጠዋት ጠዋት እንደምትጠራው።»

ገበሬው ባለበት ቆመ።  ሀብታሙ ዞር ብሎ ከወንዙ ወዲያ ገበሬው የሚያርሰውን ማሳ ብቻ አየ። ጤፉ ደርሶ ነበር። ገበሬውም አብሮት አየው።

ከዚያ ገበሬው ከመቀነቱ ጨው ፈትቶ በመዳፉ ያዘና አንድ ጊዜ አፏጨ። ጎሹ ከቁጥቋጦው ወጣ። እንደ ልማዱ ዝግ ብሎ፣ ጭራውን እያወዛወዘ መጣ። ጨውን መላስ ሲጀምር ሀብታሙ በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ተኮሰ።

የቆሰለ ጎሽ ምን እንደሚያደርግ በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ዞሮ የመታውን ሰው ያሳድዳል። ሀብታሙም ይህንኑ ስለሚያውቅ ጠመንጃውን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ። ጎሹ ግን አላሳደደውም። ከየት እንደተመታ አልገባውም። ወደሚያውቀው ሰው ተጠጋና ግንባሩን በገበሬው ደረት ላይ አስደግፎ ቆመ። ገበሬውም አልሸሸም። እንዲህ ሆነው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ የጎሹ ጉልበት ታጠፈ።

በሳምንቱ ሀብታሙ ትልቅ ድግስ ደገሰ። ሚስቱ ቅቤውን አዘጋጅታ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሀብታሙ ጭራውን ይዞ በፊታቸው ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በወጣትነቱ ጎሽ ሁለት ጣቱን የወሰደበት፣ ጭራውን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው።

«ይህ ጭራ ከእኔ ጺም ይልቅ ንጹሕ ነው» አለ። «ምነው፣ ይህ ጎሽ እሾህ ውስጥ ገብቶ አያውቅም እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ሀብታሙም አብሮ ሳቀ።

«በየት በኩል ያመልጥህ ነበር?» አለው ሽማግሌው።

ሀብታሙ ብዙ ገዳዮች ሲናገሩ የሰማ ሰው ስለሆነ መልሱን አጥንቶ መጥቷል። በስተቀኙ ገደል፣ በስተግራው ሸምበቆ እንደነበረ ተናገረ። እጁን እየዘረጋ አመለከተ። ከእውነተኞቹ ገዳዮች እንኳ እንደዚያ አሳምሮ የተናገረ አልነበረም።

የዘመድና የአዝማሪ ምስክርነት ስለማይቆጠር ሽማግሌው ወደ ገበሬው ዞረ። «አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እውነቱን ነው?»

ገበሬው መመለስ የነበረበት ሁለት ቃል ነው። እነዚያን ሁለት ቃላት ከተናገረ በማግስቱ ድንበሩ ተለክቶ መሬቱ የእሱ ይሆናል። ሀብታሙ ያየዋል። የገበሬውም ሚስት ከሴቶቹ መካከል ሆና ታየዋለች።  ገበሬው የቀኝ መዳፉን በነጠላው ጠረገ፤ እጁ ላይ ምንም አልነበረም።

«አባቴ» አለ፣ «ገደል አልነበረም። ሸምበቆም አልነበረም። የሚያመልጠው በእኔ በኩል ነበር። አጥሩ ያለው አንድ በር ነው፤ መወርወሪያውን የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነበርኩ። አምስት ዓመት በየጠዋቱ ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ አንድ ቀን ከፍቼ መተው ግን አላሰብኩም። በመጨረሻውም ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ለጊዜው አምልጦ ነበር። ጠርቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»



«ገበሬ ስለ አደን ምን ያውቃል?» አለ ሀብታሙ። «ጎሹ ጎሽ ነው፤ ጥይቱም ጥይት ነው። ሞቶ የለም ወይ?»

ሽማግሌው ጭራውን መለሰለት። «ሞቷል፤ ሞቱን ማን ካደብህ? እኛ ግን የምንጠይቀው ስለሚሸሽ አውሬ ነው። ሲጠሩት ስለሚመጣ አውሬ ምን ብለን እንደምንጠይቅ አባቶቻችን አልነገሩንም። ሥጋውን ብላ። ፉከራውን ተወው።»

ለሀብታሙ ራስ የተዘጋጀው ቅቤ ወጥ ውስጥ ገባ፤ ወጡም በጣም ጣፈጠ ይባላል። ሰውም በልቶ ጠጥቶ ወደየቤቱ ሄደ። ገበሬው በዚያው ሳምንት ልጆቹንና ዕቃውን ይዞ ከመሬቱ ለቀቀ፤ ሌላ አገር ሄዶ እንደገና የሰው መሬት ሲያርስ ኖረ። ሚስቱ አልተቆጣችውም። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «መሬቱንማ ያው አጣነው። ቀደም ብለህ ብትናገር ኖሮ ጎሹ ይተርፍ ነበር» አለችው።  ከዚያ ወዲያ ለበሬዎቹ ጨው ሲሰጥ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥላቸውና ዞር ይላል እንጂ በመዳፉ ይዞ ሰጥቷቸው አያውቅም።

ባለቤቴ ምሳሌውን እዚህ ላይ ጨርሶ ወደ ስመኘው ዞረ። መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው አልከኝ» አለው። «ለጎሹ ምን ያህል ልዩነት እንዳለው አላውቅም፤ ጎሽ ሆኜ አላውቅም። እዚያ ሊተኩሱ የሚመጡት እንግዶች ሀብታሙ ሰው ናቸው። ተኩሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ቀንዱን ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው በየቤታቸው ይፎክራሉ። የሚጠይቃቸውም ሽማግሌ የለም። እነሱን ተዋቸው። አንተ ግን ገበሬው ነህ፣ ልጄ። ጥጃውን የምታክመው አንተ ነህ። ቁስሉን የምታጥበው፣ ሲታመም አጠገቡ የምታድረው አንተ ነህ። ድምፅህን ሲሰማ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን እንግዳው ይደክመዋል፤ ፀሐይ ይበረታበታል፤ ጥራልኝ ይልሃል። የሚቀጥሩህ ሰዎች ጥሩ ሐኪም የሚፈልጉት ለዚያ ቀን ነው። እዚያ አጥር ውስጥ የሚሸጠው አውሬው አንተን ማመኑ ነው።»

ስመኘው አቀርቅሮ ነበር። «ሥራ እኮ የለኝም፣ አጎቴ» አለ።

«አውቃለሁ። ገበሬውም መሬት አልነበረውም፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ስለዚህ ዋስ አልሆንህም አልልም። ምን ብዬ ልከልክልህ?» ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ እስክሪብቶውን ከፈተ። ጥቂት ጻፈና ቀና አለ። «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝና ልፈርም። በየት በኩል ነው የሚያመልጠው?»

ስመኘው ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየው። ባለቤቴም አላስቸኮለው። በመጨረሻ ልጁ ተነሥቶ የአጎቱን ጉልበት ስሞ ወጣ። ወረቀቱን አልወሰደም።

ስመኘው ዛሬ ከከብት ገበያው በስተጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የገበሬዎችን በሬና በግ ያክማል። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ባለቤቴ ሲሞት፣ በቀብሩ ዕለት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። እኔም አርባው ካለፈ በኋላ የባለቤቴን መጻሕፍት ሳራግፍ ያንን ወረቀት በአንዱ ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት። የዋሱ ሙሉ ስም በሚለው መስመር ላይ ስሙን በዚያ በማውቀው ጥሩ ጽሕፈቱ አሟልቶ ጽፎታል። ፊርማ በሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶው መልስ እየጠበቀ ያረፈባት አንዲት ነጥብ አለች።