ናብላ የተባለው ግመል

ጆሮ አላችሁ? «አለን!» በሉኝ እንጂ! እንግዲያው ለአንድ አፍታ አውሱኝ፤ ሳልጎዳው እመልሳለሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም ሲነጋገር፣ አንድ ጎልማሳ ግመል ከቆላ ጨው ጭኖ ደጋ ወጣ። ዳገቱ ላይ እግሩ ታመመና ነጋዴው ወንዝ ዳር ላለ ገበሬ ትቶት ወረደ። ከአገሩ አብሮት የቀረው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ቃጭሉ ብቻ ነበር።

በግቢው ውስጥ ዳማ የምትባል ላምና ቡሬ የሚባል ትንሽ ጥጃዋ ይኖሩ ነበር። ዳማ ደግ ናት፤ ወሬም ትወዳለች። የደጋው ቋንቋ ግን ለግመሉ እንደ ወንዝ ነበር፤ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፣ ዝም ብሎ ይፈሳል። ቡሬም ቢሆን ገና አፉን አልፈታም። እናቱ በዚህ ታዝን ነበር።

ጠዋት ገንዳው ላይ ድርቆሽ ሲቀርብ ዳማ ወደ ግመሉ ዞር ብላ፣ «ና ብላ!» ትለዋለች። ማታም «ና ብላ!»። በማግስቱም «ና ብላ!»።

«ሰማህ?» አለው ግመሉ ቃጭሉን፣ በአገራቸው ቋንቋ። «ስም አወጡልኝ እኮ! ናብላ ነኝ።»

«ቅጭል ቅጭል! እሱም ስም ሆኖ!» አለ ቃጭሉ። «ይሁን እንግዲህ፣ ከምንም ይሻላል።»

በግመሉ አገር ደንብ፣ እንግዳ ሲመጣ ስምን ቀድሞ መናገር ጨዋነት ነው። ግመሉ ደግሞ ጨዋ ነበር፤ ጉድ ያደረገውም ይኸው ጨዋነቱ ነው።

አንድ ቀን የጎረቤት አህያ ብቅ አለ። ግመሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ናብላ!» አለው።

«እኔን ነው? እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ!» አለ አህያው። ድርቆሹን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ሄደ።

በማግስቱ የጎረቤት ወጠጤ ፍየል መጣ። «ናብላ!» አለው ግመሉ። «እንዴት ያለ ቤት ነው እባካችሁ!» አለ ወጠጤው። እሱም ሙልጭ አድርጎ በልቶ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የሰባ ሙክት መጣ። ሙክት ምን ጎድሎበት! ግመሉ ትንሽ ሠጋ፤ ግን ስምን መደበቅ ነውር ነው። ድምፁን ቀንሶ፣ «ናብላ» አለ። ሙክቱም ሙልጭ አድርጎ በላ፤ ሲሄድ ገንዳውን ጭምር ላሰ።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ደንበኛ ሆኑ። ዳማ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጦም ይዞ ይሆናል፤ ራሱ ሳይበላ እንግዳ ያበላል! እንዲህ ያለ ደግ አይቼ አላውቅም» አለች። ግመሉ ከዚህ ሁሉ የገባው ሻኛው በየቀኑ መጉደሉ ብቻ ነበር።

«ምን ዓይነት አገር ነው?» አለ። «ስሜን በነገርኳቸው ቁጥር ይበላሉ!»

«ቅጭል ቅጭል! እነሱ የሚናገሩት ቋንቋ መሰለህ? ጩኸት ነው! ደግሞስ በዚህ ዕድሜህ ምን ልትማር? እኔን ብቻ ስማ፤ እግርህ ሲሻልህ እንወርዳለን።»

«እግሬ እስኪሻለኝ እኮ በረሃብ ማለቄ ነው።»

ቡሬ ሙቀት ስለሚወድ ግመሉ ሆድ ሥር ነበር የሚተኛው። አንድ ቀን ግመሉ ሥራ ቢያጣ የጥጃውን ጆሮ ማየት ጀመረ። የዳማ ወሬ ሲፈስ የጥጃው ጆሮ ዝም ትላለች። «ና ጥባ!» ሲባል ግን ብድግ፣ ብድግ። «ና ተኛ!» ሲባልም ብድግ፣ ብድግ። ወዲያው ዳማ ወደ ግመሉ ዞራ፣ «ና ብላ!» አለች። ብድግ፣ ብድግ።

ግመሉ ማመንዠኩን አቆመ። «ሁለት ጊዜ ተነሣች! ስሜ ለሁለት ይከፈላል እንዴ?»

«ቅጭል ቅጭል! የጥጃ ጆሮ ዝንብ ሲያርፍባትም ትነሣለች!»

«ቃጭሌ፣ እወድሃለሁ፤ ግን ላስብበት» አለ ግመሉ። አንገቱን የገለባው ክምር ውስጥ ከትቶ እያሸ ቃጭሉን በገለባ ሞላው። ቃጭሉ «ቅጭ…» ብሎ ቀረ።

ያኔ መስማት ጀመረ። መቶ ጊዜ ሰማ፤ ሁለት መቶ ጊዜ ሰማ። የሚተረጉምለት ሰው አልነበረውም፤ ግን ቀስ በቀስ ወንዙ ውስጥ ድንጋዮች ይታዩት ጀመር። «ብ» እና «ላ» አይለያዩም፤ ቶሎ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ዛሬም ብላ። «ና» ግን ዘዋሪ ናት፤ አሁን ከ«ብላ» ጋር፣ አሁን ከ«ጥባ» ጋር፣ አሁን ከ«ተኛ» ጋር ትውላለች። ሁልጊዜ አብረው የሚውሉት አንድ ቃል ናቸው፤ ጓደኛ የሚለዋወጥበት ቦታ ላይ ቃሉ ያልቃል። «ና» በተባለ ቁጥር ቡሬ ይመጣል። «ብላ» በተባለ ቁጥር የአንዱ አፍ ይንቀሳቀሳል። «ውጣ» ደግሞ ቡሬ ጭቃ ውስጥ በገባ ቁጥር ትሰማለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሁሉ ገባው። «ወይኔ ጉዴ! ለካ ስሜን ስናገር እየጋበዝኩ ነበር!»

ኀፍረቱ ግቢ ውስጥ አላስቀምጥ አለው። እያነከሰ ወረደና ደረቁ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ ተኛ፤ አሸዋው አገሩን ይመስላል። ከላይ ተራራው ላይ ዶፍ መጣሉን ከዚያ ሆኖ አላየም።

ዳማ ግን አየች። ከቡሬ ጋር ወንዙ ዳር ሮጣ፣ «አንተ ሰውዬ ደራሽ ውሃ መጣብህ ተራራው ላይ ጥሏል ምን ያስተኛሃል ተነሥ እንጂ ኧረ በፈጠረህ!» ብላ ጮኸች። በድንጋጤ ቃሉ ሁሉ ተጣብቆ ፈሰሰ። ግመሉ ሰላምታ መስሎት ራሱን ነቀነቀላት።

የውሃው ጩኸት ቀረበ። ያኔ ቡሬ እግሩን መሬት ላይ መታ፣ አፉን ከፈተ፣ «ና!» አለ። ዳማ ክው አለች። «ና! ውጣ!»

ግመሉ እነዚህን ሁለት ቃላት አብረው ሲባሉ ሰምቶ አያውቅም፤ ለየብቻ ግን ያውቃቸዋል። አገናኛቸው። ተነሣ፤ የታመመ እግሩን እየጎተተ ወጣ። የኋላ እግሩ ሣሩን ሲረግጥ ደራሹ የተኛበትን አሸዋ ጠርጎ አለፈ።

ዳማ ማንን እንደምትልስ ጠፋት። ልጇን ላሰች፣ ግመሉን ላሰች፣ መልሳ ልጇን ላሰች።

ግመሉ አንገቱን አራግፎ ገለባውን ከቃጭሉ አወጣ። «ረሳኸኝ እኮ!» አለ ቃጭሉ።

«አልረሳሁህም፤ አገሬ እኮ ነህ። ሌላው ሲናገር ብቻ ዝም በልልኝ። ዛሬ ብትጮህ ኖሮ ያችን ትንሽ ድምፅ አልሰማትም ነበር።» ቃጭሉ አኮረፈ፤ ኩርፊያው ግን ራት ሳይቀርብ አለቀ።

ራት ሲቀርብ ዳማ አንድ ነገር ትዝ አላት። «ይኸን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንኖር ስምህን አልጠየቅንህም! ማን እንበልህ?» አለች፣ እየለየች፣ በቀስታ።

ግመሉ ገባው። ድርቆሽ የሞላውን ገንዳ አየ። በር ላይ አንገቱን ያሰገገውን አህያ አየ። ሆዱ ሥር የተጠቀለለውን ቡሬን አየ። የሚናገረውን እያወቀ፣ ረጋ ብሎ፣ «ናብላ» አለ።

አህያው እየሮጠ መጣ። ግመሉም አጠገቡ ጎንበስ ብሎ አብሮት በላ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሕፃን አፉን ከመፍታቱ በፊት ዝም ያለ ይመስላችኋል እንጂ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደሚውል በጆሮው ሲቆጥር ነው የሚከርመው። ትልቁም ሰው ቃጭሉን ትንሽ ካስታገሠው መቁጠር ይችላል።

ጆሮአችሁን ይኸው መልሻለሁ። በሉ እናንተም በተራችሁ «ና ብላ» በሉኝ።