ያልተጫረው ሳይክል

አንድ ገበሬ ነበር። ቃል የሚቆጥብ፣ ፊቱ በቀላሉ የማይፈታ ሰው ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ እርሻውን ግን ያውቃል። ማታ በሬዎቹን ሲፈታ ቀንበሩን ወዲያ አስቀምጦ ጫንቃቸውን ሳይዳብስ ቤቱ አይገባም። "ቀንበር በበላው በሬ ነገም የሚያርስ ጅል ነው" ይላል። ከዚህ የረዘመ ንግግር ከአፉ የሰማ የለም።

ሴት ልጁ ደብሪቱ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ሆነ። ገበሬው ሦስት ዓመት ያሳደጋትን ጊደር ሸጠና ማርሽ ያለው፣ ጎማው ወፍራም፣ ቀለሙ እንደ በርበሬ የቀላ ማውንቴን ሳይክል ገዛላት። ጠጠር እየተፈናጠረ ፍሬሙን ከሥር እንዳይመታው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀዶ ጠመጠመበት። የፍሬኑ ሽቦ ቀለሙን እንዳይፍቀው ደግሞ ጨርቅ ወተፈበት። ከዚያ ልጁን ጠራ።

"ቀለም ከተላጠ ዝገት ይገባል። ዝገት ከገባ ብረቱ አለቀ። ሌላ ጊደር የለኝም። አንድ ጭረት ባገኝ ሳይክሉም ይቆማል፣ ትምህርቱም ይቆማል።"

"እሺ አባዬ" አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበሬው አመሻሽ ላይ አጥሩ በር ላይ ይጠብቃታል። ሲያርስ የዋለ ወገቡ እያቃተተ ጎንበስ ይልና ዘይት በነካ ጨርቅ ከመሪው እስከ ኋላ ጎማው ይጠርጋል፤ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ጭረት የለም። "ግቢ" ይላታል። ትገባለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጎረቤቱ ፈንታ ይህን እያየ ይሥቅበታል።

"አያ ቢያድግልኝ፣ ይህን ሳይክል እንዲህ የኳልከው ልትድረው ነው እንዴ?"

"አርፈህ ሂድ።"

"ቀኑን ንገረኝ፤ ሚስቴ ጠላ ትጥመቅ ብዬ እኮ ነው!"

ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳርም አለፈ። ሳይክሉ ልክ እንደ ተገዛበት ቀን ነው። ልጅቷ በፀሐዩም በእሳቱም ዳር እጅጌ ረጅም ሹራቧን ከላይዋ አታወልቅም ነበር። ገበሬው አይቷል። ግን ደክሞት ስለነበር አልጠየቀም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይክሉን እየገፋ ፈንታ መጣ። ልጅቷ አብራው የለችም። ገበሬው ከአውድማው ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እጁ እንደ ልማዱ ቀድሞ ፍሬሙ ላይ አረፈ። መሪውን ዳበሰ፤ ጎኑን ዳበሰ። ጭረት የለም። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብሎ፣ "ደብሪቱስ?" ያለው።

ፈንታ ያን ቀን አልሣቀም።

"ለብረቱ ብዬ የመጣሁ መሰለህ? ልጅህ ጤና ጣቢያ ናት። የወንዙ ቁልቁለት ላይ ወድቃ አግኝቼ እዚያ አድርሻት ነው የመጣሁት።"

ገበሬው ሳይክል መንዳት አይችልም። ስትመለስ ትቀመጥበት ብሎ እየገፋ ወረደ፤ ወንዙን ተሻገረ። ጤና ጣቢያው ሲደርስ ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገባ። ነርሷ የልጅቷን ሹራብ በመቀስ ቀድዳዋለች። ክንዷ ከክርኗ በላይ አብጦ መግል ቋጥሯል።

"አባት፣ ይህ የዛሬ ቁስል አይደለም" አለች ነርሷ። "ወር አልፎታል። ደጋግማ ወድቃበታለች። ትንሽ ቆይታ ቢሆን ኖሮ እጇን ታጣ ነበር። እቤት የሚያያት ሰው የለም?"

ገበሬው ወደ ልጁ ዞረ።

"ይህን ያህል ወድቀሽ ሳይክሉ እንዴት ሳይጫር ቀረ?"

"ልወድቅ ስል እኔ ከሥር እሆናለሁ" አለች፤ አንገቷን ደፍታ። "በክንዴ እቀበለዋለሁ። ገላ ይሽራል፣ ቀለም ግን አይሽርም ብዬ ነው አባዬ።"

ገበሬው የገዛ እጁን አየው። ሃያ ዓመት የበሬ ጫንቃ ሲዳብስ የኖረ እጅ ነው። የልጁን ክንድ ግን አንድ ማታ እንኳ አልዳበሰም።

ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ሳይክሉን በመስኮቱ ትይዩ፣ ልጁ እንድታየው አድርጎ አቆመው። ከመሬት ስለታም ድንጋይ አነሣና ከመሪው እስከ ኮርቻው አንድ ረጅም መስመር ጫረበት። ቀዩ ቀለም ተላጦ ብረቱ ታየ።

"አባዬ! ምን ነካህ?"

"ተጫረ" አለ። "ትምህርቱ ግን አልቆመም። ብረት ሲላጥ ዘይት ይቀቡታል። ከዛሬ ወዲያ ማታ ማታ መጀመሪያ የማየው ክንድሽን ነው።"

በሦስተኛው ቀን ኮርቻው ላይ አስቀምጧት ዳገቱን እየገፋ ሲመልሳት ፈንታ መንገድ ላይ አገኛቸው።

"አያ ቢያድግልኝ፣ ሙሽራው ፊቱ ተጫረ እኮ!"

"አውቃለሁ" አለ ገበሬው። "ልጅቷ ደኅና ናት።"

ደክመው ያገኙትን ዕቃ ከጭረት መጠበቅ ነውር አይደለም፤ ዕቃው የተገዛው ግን ለሰው ነው። ቀንበሩን እየወለወለ የበሬውን ጫንቃ የማያይ ገበሬ አንድ ቀን የሚቀረው የተወለወለ ቀንበር ብቻ ነው። እናንተስ፣ ደክማችሁ ቤት ስትገቡ እጃችሁ ቀድሞ የሚዳብሰው ምኑን ነው? እሳት ዳር ተቀምጦ ሹራቡን የማያወልቅ ሰው በቤታችሁ የለም?